«ቀድቻለሁ» ያልሁበት ሐሙስ

ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንድ ነገር እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ አምደወርቅ የአየር ጠባይ ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም ለመጻፍ አስቤ ነበር። እነዚህን አርእስቶች ግን ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በሚገባ ጽፈውባቸዋል። ከዚህም ሌላ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከጥር ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ ነገር ስላለ ስለ ሌላ ጉዳይ ለመጻፍ ብዕሬ እሺ አላለኝም። ይኸውም በቤተ መጻሕፍታችን ሰርቨር ላይ የደረሰው ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ «መብራት ሄዶ ተበላሸ» ሲባል ሰምታችኋል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ የምናውቀው አራት ሰዎች ብቻ ነን። አባቴም ይህን መጽሔት አንብበው ሲጨርሱ እንዳይቈጡኝ ከወዲሁ እለምናቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሰርቨር ምን እንደ ሆነ ለወላጆች ልናገር። እናቴ በጠየቀችኝ ጊዜ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። በድግስ ቤት እንግዶች በየቦታቸው ተቀምጠው ይበላሉ፤ ምግቡ ግን ያለው በጓዳ ነው፤ ከጓዳው እያወጣ ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚያቀርበው አሳላፊው ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን ያሉት አሥራ ስምንት ኮምፒዩተሮች እንግዶቹ ናቸው፤ ሰርቨሩም አሳላፊው ነው። ጓዳውም በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ያለው ዲስክ ነው። እናቴ «አሳላፊው የታመመ ዕለት እንግዳው ጦሙን ያድራል በለኛ!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔም ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

በጓዳው ውስጥ የነበረው ይህ ነው። አንደኛ፥ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት መማሪያ መጻሕፍት፤ ሁለተኛ፥ ዊኪፔዲያ የተባለው ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ሆኖ የተዘጋጀው፤ ሦስተኛ፥ መምህሮቻችን ብዙ ጊዜ ደክመው የሰበሰቧቸው የመለማመጃ ጥያቄዎች። እነዚህ ጥያቄዎች በጣም ያስፈልጉን ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከፊሉ በወረቀት፥ ከፊሉ በኮምፒዩተር መሰጠቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእኛ መካከል ደግሞ ወደዚህ ትምህርት ቤት እስኪመጣ ድረስ ማውስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ፈተና ላይ ተቀምጦ ጥያቄውን እያወቁ ቀስቷን ወዴት እንደሚገፏት በማጣት ጊዜ ማጥፋት እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ አስቡት።

አራተኛው ግን ከሁሉ ይበልጥ የክበባችን ሀብት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የክበባችን አባላት በየመንደራችን እየሄድን የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ድምፅ በስልክ ቀርጸን ነበር፤ አንዳንዱ በአማርኛ፥ አንዳንዱ በኽምጣኛ ነው። ተረት አለበት፤ እንቈቅልሽ አለበት፤ የሰርግና የለቅሶ ዜማ አለበት፤ በ1977 ዓ.ም. በዋግ ላይ ስለ ደረሰው ድርቅና ረኃብ ያዩትን የሚናገሩ ሰዎች አሉበት። በጠቅላላው 41 ቅርጽ ነበር። መማሪያ መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ይመጣል፤ ዊኪፔዲያም ቢጠፋ በሌላ አገር አለ። የእነዚህ ሰዎች ድምፅ ግን ከአምደወርቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሰርቨራችን የሚሠራው ኡቡንቱ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኡቡንቱ የአፍሪካ ቃል ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰው ለሰው ማዘኑን፥ ሰብዓዊነትን ያመለክታል። ሥራውን የጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው፤ ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ወደ ጠፈር ተጉዞ ነበርና መምህራችን ስለ ሰርቨሩ ባስተማሩን ቀን ሁላችንም የጠየቅነው ስለ ሰርቨሩ ሳይሆን ስለ ጠፈሩ ነበር። የኡቡንቱ መሠረት ደግሞ ሊኑክስ ነው፤ ይህንም በ1983 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ነው። ተማሪ መሆኑን ልብ በሉ፤ እኔ በጊዜው በጣም ልብ ብዬዋለሁ፤ ምናልባትም ያጠፋኝ እሱ ነው።

የኡቡንቱ ቍጥር ዓመቱንና ወሩን ያሳያል። የእኛው 18.04 ነበር፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዕትም ለአምስት ዓመት ያህል ጥገናው በነፃ ይመጣለታል፤ የእኛው ጊዜ በ2015 ዓ.ም. አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጥበቃ በኩል ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም፤ አዲሱም የማንበቢያ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ አልጫን አለ። ስለዚህ ወደ 20.04፥ ከዚያም ወደ 22.04 ልናሻግረው ተወሰነ። ከ18 ወደ 22 በአንድ ጊዜ መዝለል አይፈቀድም፤ ደረጃውን አንድ በአንድ መውጣት ያስፈልጋል።

የአይ.ሲ.ቲ. መምህራችን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ከመጀመራችን በፊት የክበቡን አባላት ሰብስበው ሁለት ታሪክ ነገሩን። አንደኛው መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ነው። በዚያ ሌሊት ሰዎች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት እንደሚችሉ ደረሱበት፤ ወሬውም በዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ተማሪዎች በሌሊት በኤ.ቲ.ኤም. ደጃፍ ተሰለፉ። ባንኩ በማግሥቱ ለብዙ ሰዓት አገልግሎቱን አቋረጠ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ ጕድለቱ የደረሰው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ጊዜ መሆኑን አስታወቀ፤ የንግድ ባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖም ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት አለመሆኑን ተናገሩ። የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱትንም ባንኩ ስማቸውን እስከ መለጠፍ ደረሰ። ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን የሆነው ነው። ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ለደንበኞቹ በላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል ምክንያት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ቆሙ፤ በብዙ አገር አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። የሚገርመው ፈውሱ ነው፤ ሠራተኞች ከየኮምፒዩተሩ ፊት ቆመው ያችን አንዲት ፋይል በእጃቸው ማጥፋት ነበረባቸው።

«እነዚህ ሁሉ ሊቃውንት ያሏቸው ናቸው» አሉን መምህራችን። «እኛ ደግሞ ያለን አንድ ሰርቨርና አንድ የደከመ ባትሪ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ይቀዳል።» ከዚያም የክበቡን ትርፍ ዲስክ ለእኔ ሰጡኝ።

እኔም መቅዳት ጀመርሁ። መማሪያ መጻሕፍቱን ቀዳሁ፤ ጥያቄዎቹንም ቀዳሁ። ወደ ድምፆቹ ስደርስ ዲስኩ ሞላ። ለምን እንደ ሞላ ግን አውቅ ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት ለራሴ ያጠራቀምኋቸው ፊልሞችና የእግር ኳስ ጨዋታዎች ግማሹን ይዘውት ነበር። እነሱን ለማጥፋት አሳሳኝ። ነገ ከጓደኛዬ ሌላ ፍላሽ ተውሼ ድምፆቹን እቀዳለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሐሙስ ከቀኑ በ11 ሰዓት መምህራችን ሊጀምሩ ሲሉ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥

«ሁሉንም ቀድተሃል?» አሉኝ።

«አዎን፥ ቀድቻለሁ ጋሼ» አልሁ።

ይህን ያህል ነው። ቃሉ ከአፌ ለመውጣት ከአንድ ሰከንድ በላይ አልፈጀበትም።

ሥራው የሚጀምረው አዲሶቹን ፋይሎች ሁሉ ከኢንተርኔት በማውረድ ነው፤ የእኛ ኢንተርኔት የመምህራችን ስልክ ስለ ነበረ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርድ አደረ። ዓርብ ጠዋት ማውረዱን ጨርሶ መትከል ጀመረ። መምህራችን ለስብሰባ ወደ ሰቆጣ መሄድ ስለ ነበረባቸው ሥራውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። «አንተ ምንም አትነካካ፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅህ አሮጌው ይቆይ ብለህ መልስ፤ መጨረሻ ላይ ዝጋና ክፈት ሲልህ እኔን ሳትጠብቅ አትክፈት» ብለው ሄዱ። እኔም በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጽሑፉ በጥቍሩ ገጽ ላይ እንደ ጠላ ፍሳሽ ሲንቈረቈር አያለሁ። በዚያን ሰዓት ራሴን ሊኑስ ቶርቫልድስን አድርጌው ነበር።

ከቀኑ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሥራ መፍታቱ ሲሰለቸኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ሳምንት የቀረጽሁት የአንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ድምፅ በስልኬ ካርድ ላይ ነበር፤ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚሆን ነው። ካርዱም ሞልቶ ስለ ነበር ድምፁን ወደ ሰርቨሩ አዛወርሁት። አዛወርሁት ማለቴን ልብ በሉ፤ ቀዳሁት አላልሁም። በማዛወር ጊዜ ፋይሉ ከመጀመሪያው ቦታ ይጠፋል። «ተጠናቋል» የሚለውን አይቼ ካርዱን እንደ ነቀልሁ መብራት ሄደ።

ባትሪው ጮኸ። እድሜው ስለ ገፋ ቢበዛ የሚቆየው ሰባት ደቂቃ መሆኑን አውቃለሁ። ጄኔሬተር አለን፤ ነገር ግን የክፍሉ ቍልፍ ከንብረት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ነው። ሮጬ ሄድሁ፤ ለቅሶ ሄደዋል አሉኝ። ወደ ለቅሶው ቤት ሮጥሁ። ድንኳን ውስጥ ገብቶ ሐዘንተኛ መካከል ቍልፍ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰዎቹ መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ዝም ብለው አዩኝ። ኃላፊው ቍልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሲሰጡኝ አመስግኜ እንኳ አልወጣሁም። ስመለስ የባትሪው ጩኸት ቆሟል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ያን ጸጥታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ማታ በ1 ሰዓት መብራት መጣ። አትክፈት የተባልሁትን ረስቼ ከፈትሁት። ገጹ ላይ ብዙ መሥመር አለፈና በመጨረሻ «ኬርነል ፓኒክ» የሚል ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቢነኩት የማይንቀሳቀስ ሆነ። ኬርነል ማለት በእንግሊዝኛ የፍሬ እምብርት ማለት ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ስለ ሆነ ነው። ፓኒክ ድንጋጤ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ «ደንግጫለሁ» ይላል፤ እኔም እንደዚሁ። ደጋግሜ ዘግቼ ብከፍተው ደጋግሞ ይህንኑ መለሰልኝ።

በዚያ ሌሊት ለማንም አልተናገርሁም። እናቴ «ምነው እንጀራውን ታገላብጠዋለህ?» ብትለኝ ራሴን ያመኛል አልኋት፤ ይህም በሁለት ቀን ውስጥ ሁለተኛው ውሸቴ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት የክበባችን ጸሐፊ የሆነችውን ጓደኛዬን ይዤ ሄድሁ። አሳቤ መምህራችን ከመመለሳቸው በፊት ከፍላሽ ላይ ኡቡንቱን እንደ አዲስ ጭኜ ጉዳዩን በዝምታ ለማለፍ ነበር። ፍላሹን ሰክቼ ደረጃ በደረጃ ሄድሁና «ዲስኩ በሙሉ ይጥፋ?» ወደሚለው ጥያቄ ደረስሁ። ጓደኛዬ በትከሻዬ በኩል እያነበበች ነበር።

«ድምፆቹስ?» አለችኝ። «ቅጂው አለ አይደል?»

ዝም አልሁ።

«የአያቴ ድምፅ እኮ እዚያ ውስጥ ነው» አለች።

አያቷ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዐርፈዋል። ስለ ሙሽራና ስለ ጅብ የሚነገረውን ተረት በኽምጣኛ የነገሩን እሳቸው ነበሩ፤ በመካከሉ ሳል ይዟቸው ስንስቅ እሳቸውም አብረውን የሳቁበት ነው። እኔም ያን ጊዜ ፊቷን ሳላይ ሁሉንም ነገርኋት፤ ፊልሙንም፥ «ቀድቻለሁ» ማለቴንም። አልተቈጣችኝም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጇን ዘርግታ የኮምፒዩተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችና «ጋሼ እስኪመጡ ድረስ ማንም አይነካውም» ብላ ቍልፉን ይዛ ሄደች።

መምህራችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። በር ላይ ጠብቄ ነገርኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ጫማቸውን ካዩ በኋላ «ሰርቨሩ መውደቁ ምንም አይደለም፤ መብራት ሲሄድ የኔም ይወድቃል። እኔ ግን ሐሙስ ዕለት ጀምር ብዬ የነካሁት ያንተን ቃል ይዤ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚሁ ነገር አንድም ቃል አልጨመሩም።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ ካሰብሁት ፈጽሞ ተቃራኒ ነበር። እኔ የቸኰልሁት ለማስነሣት ነው፤ እሳቸው ግን ሰርቨሩን ለማስነሣት ምንም አልሞከሩም። በፍላሹ ላይ ባለው ኡቡንቱ ከፍተው፥ ምንም ሳይጭኑ የሰርቨሩን ዲስክ ለማንበብ ብቻ፥ ለመጻፍ ሳይሆን፥ ከፈቱት። መጀመሪያ ማውጣት፥ ከዚያ መጠገን ነው ነገሩ። ቤት ሲቃጠል ሰው አስቀድሞ ሕፃኑን እንደሚያወጣ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ያልታሰበ ችግር ገጠመን። የድምፆቹን ስም የጻፍነው በፊደላችን ነበር። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ገብቷል፤ ስለዚህ ዲስኩ ስሞቹን በትክክል ይዟቸዋል። ነገር ግን ያ ጥቍር ገጽ በአንድ ጊዜ ከ512 የማይበልጥ የፊደል ቅርጽ ብቻ ነው የሚችለው፤ የግዕዝ ፊደልም አልተሰጠውም። ስለዚህ የሽማግሌዎቻችን ስም ሁሉ በትንንሽ ሣጥኖች ተተክቶ ታየን። የሚነበበው የፋይሉ መጠን ብቻ ነው። መምህራችን በጣታቸው እየቈጠሩ ወረዱ። አርባው መጠን አላቸው። አንዱ ዜሮ ነው።

ጓደኛዬ «የማን ነው?» አለች። ማንም ሊመልስላት አልቻለም።

አርባዎቹን ወደ መምህራችን ላፕቶፕ ለመቅዳት ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። ያን ግማሽ ሰዓት ሦስታችንም ያለ ንግግር ተቀመጥን። ላፕቶፑ ፊደላችንን ስለሚያውቅ እዚያ ሲደርስ ስሞቹ አንድ በአንድ ተነበቡ፤ የጓደኛዬ አያት ስም በአሥራ ሰባተኛው ተራ ላይ ወጣ። ወዲያው ከፈተችው፤ ሳሉ አለ፤ ሳቁም አለ። ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። የጠፋው ዓርብ ዕለት ያዛወርሁት፥ የጎረቤታችን የሽማግሌው ድምፅ ነበር። መምህራችን እንዳስረዱኝ ከሆነ ኮምፒዩተር «ተጠናቋል» ቢልም ጽሑፉን ወዲያው ወደ ዲስኩ አያወርደውም፤ ለጥቂት ጊዜ በሚረሳው አእምሮው ይዞ ያቈየዋል። መብራት የሄደው በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥገናው ተጀመረ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ግረብ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ይህም የትኛውን ኬርነል እንደሚያስነሣ ይመርጣል። አዲሱ 5.4 ኬርነል በዝርዝሩ ላይ ነበር፤ ነገር ግን አብሮት ሊኖር የሚገባው ፋይል ባዶ ነበር። ይህ ፋይል በጨለማ ለሚነቃ ባለቤት እንደ ኩራዝ ነው፤ ኬርነሉ የዲስኩን በር የሚያገኘው በእሱ ብርሃን ነው። ኩራዙ ሳይለኰስ መብራት ስለ ሄደ ኬርነሉ በጨለማ ተነሥቶ በሩን ቢያጣ ደነገጠ። ደግነቱ ፕሮግራሙ አሮጌውን 4.15 ገና አላጠፋውም ነበርና መምህራችን በግረብ ዝርዝር ወርደው አሮጌውን በጥገና ዓይነት አስነሡት። ተነሣ። ዓርብ ማታ እኔ አሥር ጊዜ ስዘጋና ስከፍት ይህ ዝርዝር ከዓይኔ ሥር ነበረ።

ቀጥሎ የተጀመረውን ተከላ ማስጨረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ትእዛዝ ይበቃዋል ይላሉ፤ የእኛው ግን እምቢ አለ። የተተከሉት ፕሮግራሞች የሚመዘገቡበት መዝገብ ራሱ ሲጻፍ ተቋርጦ ተበላሽቶ ነበር። በዚህ ቦታ ተስፋ ቈርጬ ነበር። መምህራችን ግን ወደ አንድ ሌላ ማኅደር ገብተው ሲያዩ ሲስተሙ ያን መዝገብ በየቀኑ በራሱ እየቀዳ ያስቀምጥ ኖሯል። ወደ እኔ አልተመለከቱም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የሐሙስ ዕለቱን ቅጂ መልሰው ባስቀመጡት ጊዜ ተከላው ቀጠለ። አዲሶቹ ፋይሎች ሁሉ አስቀድመው ወርደው ስለ ነበር ኢንተርኔት አላስፈለገንም። በዚያ ሌሊት እስከ 4 ሰዓት ሠራን፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሻይ አምጥተው አብረውን ተቀመጡ፤ አራተኛው ሰው እሳቸው ናቸው። ባዶው ፋይል እንደገና ተሠራ፤ የግረብ ዝርዝር ታደሰ፤ ኮምፒዩተሩም ተዘግቶ ሲከፈት 20.04 ብሎ ተነሣ።

ደስታችን ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ቢነሣም የጥያቄው ገጽ አልከፈት አለ። አሳላፊው ቆሟል፤ የሚያቀርበው ግን የለም። መዝገቡን ብናነብ አፓቼ የተባለው ገጽ አቅራቢ ፒ.ኤች.ፒ. 7.2 የሚባለውን ይፈልጋል፤ በ20.04 ላይ ያለው ግን 7.4 ነው። እንግዲህ በሌለ ሰው ስም እየተጣራ ነበር ማለት ነው። አሮጌውን ስም ፍቀን አዲሱን ጻፍንለት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ መምህራችን ወንበሩን ለቅቀውልኝ ከበስተ ኋላዬ ቆመው ነበር። ሰኞ ጠዋት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ገብተው እንደ ወትሮው ልምምዳቸውን ሠሩ፤ ከእነሱም ማንም ምንም አላወቀም።

ወደ 22.04 የተሻገርነው በሚያዝያ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም በሁለት ዲስክ ተቀድቶ ነበር፤ ቅጂውንም የምትፈርመው ጓደኛዬ ሆነች፤ እኔ ቀድቻለሁ ብል በቃሌ ብቻ አይታመንም፤ ዲስኩን ከፍታ ሦስት ድምፅ ካልሰማች አትፈርምም። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ይበዛል የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልተከራከርኋትም። ፊልሞቹንም አጥፍቻቸዋለሁ።

የቀረኝ ሽማግሌው ጋ መሄድ ነበር። መምህራችን ሂድ አላሉኝም፤ ሳምንት ሙሉ ግን በቤታቸው በኩል ማለፍ ፈርቼ በላይኛው መንገድ ስዞር ሰነበትሁ። በመጨረሻ በአንድ እሑድ ሄድሁ። ሽማግሌው ከደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባባ፥ ያን ቀን የነገሩኝ ጠፋብኝ» አልኋቸው።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ስለ ሰባ ሰባት የነገሩኝ። በእኔ ጥፋት ነው የጠፋው።»

ሽማግሌው በመጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ማሽኑ በላው ወይ? ብለው ጠየቁኝ። እኔም መብራቱን፥ ካርዱን፥ ማዛወርና መቅዳት የተለያዩ መሆናቸውን በተቻለኝ አስረዳኋቸው። አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለፈው ጊዜ ስለ ጉዟቸው ነበር የነገሩኝ፤ ከመንደራቸው ተነሥተው እህል ይሰጣል ወደ ተባለበት ቦታ በእግራቸው ስለ ሄዱበት መንገድ፥ በየመንገዱ ስለ ቀሩት ሰዎች። በልቤ ያንኑ እንደገና ይነግሩኛል ብዬ ስልኬን አውጥቼ ከጕልበታቸው ላይ አስቀመጥሁት። ቀዩን ነካሁ።

ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ወደ ገደሉ ማዶ ጥለው ብዙ ከቆዩ በኋላ ስለ መንገዱ አንድም ነገር አላነሡም። «በሬያችን ዳማ ነበር» ብለው ጀመሩ። «አባቴ እሱን የሸጡት ዕለት...»

ሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ። ያን ከዚህ በፊት ለማንም ነግረውት አያውቁም ነበር። ከጨረሱ በኋላ ስልኬን አንሥተው ሰጡኝና «ይህስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ። ዛሬውኑ በሁለት ቦታ እንደሚቀመጥ ነገርኋቸው። «ሦስት አድርገው» አሉኝ። ከደጃቸው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁ።